ወፍራሙ ፓስቴልና ሹሉ እርሳስ

የወንድ ጭላዳ ዝንጀሮን ምስል በኦይል ፓስቴል መሥራት የጀመረ ሰው ግማሹን መንገድ በፍጥነት ይጓዛል። ከትከሻው የሚወርደው ቡናማ ጎፈር፣ ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቀይ ቆዳ፣ ከሥሩ ያለው ሣር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱን ይሞላሉ። ጣጣው የሚመጣው ዓይኑ ጋ ሲደረስ ነው። ወረቀቱ ላይ ዓይኑ የምስር ፍሬ ቢያህል ነው፤ እጅ ላይ ያለው ፓስቴል ደግሞ የትንሽ ጣት ያህል ይወፍራል። ጫፉን በምላጭ ቢያሾሉትም ሁለት ሦስት መስመር አስምሮ ይደፈጠጣል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ባለቀለም እርሳስ ያነሳል፤ ወዲያው ደግሞ ያዝናል። እርሳሱ ቀለም በመስጠት ፈንታ የተቀባውን እንደ ማረሻ እየገለበጠ ያልፋል። ጫፉ ላይ ቅባት ይጠራቀምና ንጹሕ ወረቀት ላይ ሲሞክሩት እንኳ አልጽፍ ይላል። ጥፋቱ ግን የእርሳሱ አይደለም።

ሁለቱ ሲታዩ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም የቀለም ዱቄትን ከማያያዣ ጋር አዋህደው የተሠሩ ናቸው። በእርሳሱ ውስጥ ማያያዣው ሰም ወይም ዘይት ነክ ነገር ሆኖ፣ ጠጣር እንዲሆን ተጨምቆ በእንጨት ይታሸጋል። በኦይል ፓስቴል ውስጥ ግን ሰሙ ከማዕድን ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ልዩነቱ የተደበቀው እዚህ ዘይት ላይ ነው። ሠዓሊዎች ለዘይት ቀለም የሚጠቀሙበት የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠጥራል፤ የማዕድን ዘይት ግን እንዲህ አይጠጥርም። ስለዚህ በኦይል ፓስቴል የተሠራ ሥዕል ዓመታት አልፈውበትም በጣት ቢዳሰስ ሊያቆሽሽ ይችላል። እርሳሱ የሚንሸራተተው ይህ ቅባት ላይ ነው። አንድ ሰው “እስኪደርቅ ልጠብቅና እርሳሱን ላምጣ” ካለ ጊዜውን ያባክናል።

በታሪካቸውም ቢሆን ሁለቱ ሁልጊዜ ወዳጆች አልነበሩም። ጃፓናዊው ሠዓሊ ያማሞቶ ካናዬ ከአውሮፓ ወደ አገሩ ሲመለስ በሞስኮ አልፎ ነበር፤ የሕፃናትን ሥዕል አይቶ ተደነቀ። አገሩ ከገባ በኋላም ልጆች የተሰጣቸውን ምስል እየገለበጡ ከሚውሉ ይልቅ ያዩትን በነፃነት ይሣሉ የሚል ንቅናቄ አስጀመረ። ይህን ሐሳብ የተከተለው ሳኩራ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1925 ኦይል ፓስቴል የሆነ አዲስ መሣያ ለገበያ አቀረበ። ስሙ ክሬፓስ ነው፤ ክሬየን ላይ ፓስቴልን ቀጥሎ የተፈጠረ ቃል። የክሬየንን አለመበናነን ከደረቁ ፓስቴል ድምቀት ጋር ያገናኘ ነበርና ስሙ ልክክ ይልለታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የአየሩ ጠባይ አስቸግሮት ነበር፤ በብርድ እንዳይደርቅ ዘይቱ የበዛ የክረምት ዓይነት፣ በሙቀት እንዳይቀልጥ ዘይቱ የቀነሰ የበጋ ዓይነት ለየብቻ ይመረት ነበር። የጃፓን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ አዲሱን መሣያ በክፍት እጅ አልተቀበሉትም። ዋጋው ከበዳቸው፤ “የልጁን ስሜት መግለጫ” የሚባለውም ነገር አላማራቸውም። የመረጡት በዋጋም የሚረክሰውን፣ በሥነ ሥርዓትም የሚታማመኑበትን ባለቀለም እርሳስን ነበር።

እርሳሱ በዚያን ጊዜ የራሱን ክብር ይዞ ቆይቷል። የጀርመኑ ኩባንያ ፋበር ካስቴል ፖሊክሮሞስ የተባሉትን የሠዓሊ እርሳሶች ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ኦይል ፓስቴል ግን ከልጆች መጫወቻነት ለመውጣት የፒካሶን እጅ መጠበቅ ነበረበት። ፒካሶ ማንኛውም ነገር ላይ የሚይዝ፣ ቀድሞ ዝግጅት የማይፈልግ ቀለም ፈልጎ በፓሪስ የታወቀውን ቀለም ሠሪ አንሪ ሴንሊዬን አስጠየቀ። ለባለሙያ የታሰበው የሴንሊዬ ኦይል ፓስቴል እ.ኤ.አ. በ1949 ወጣ። እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ይህ ልስላሴ ጉድለቱ ነው። እርሳስ የሚጨመርበትን ሥዕል የሚጀምር ሰው ጠንከር ያለውንና ርካሹን የተማሪ ፓስቴል ቢይዝ ይሻለዋል።

እንግዲህ ሁለቱን እንዴት ያስታርቋቸዋል? መልሱ ማሳሳት ነው። ወረቀት ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም ጎድጓዳና ጉብታ አለው፤ እርሳስ የሚይዘውም ጉብታዎቹ እየፋቁት ነው። ፓስቴሉ በወፍራሙ ከተለቀለቀ ጉብታዎቹ በሙሉ ይሸፈናሉ፤ እርሳሱም የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ ፓስቴሉን ጎን ለጎን በስሱ አስኪዶ በሶፍት ወይም በጨርቅ በደንብ ማሸት፣ የተረፈውንም ጠርጎ ማንሳት ያስፈልጋል። ብሩሽ ሽታ በሌለው የቀለም ማቅጠኛ ነክሮ ፓስቴሉን ማሟሟትም ይቻላል። ማቅጠኛው ተኖ ሲያልቅ ስስ የቀለም ጥላ ብቻ ይቀራል፤ እርሳስም ያለ ክርክር ይሄድበታል። መስኮት ተከፍቶ መሠራት አለበት። ወረቀቱም ወፈር ያለ ይሁን፤ የደብተር ወረቀት ዘይቱን መጥጦ ጀርባው ላይ ያወጣዋል።

ወደ ጭላዳው እንመለስ። ለፊቱ የተሻለው ዘዴ ፓስቴልን ጨርሶ አለማስጠጋት ነው። የዓይኑና የቅንድቡ ቦታ ባዶ ይተውና በእርሳስ ይሠራል፤ ፓስቴሉ እስከ ዳርቻው ብቻ ይመጣል። ጎፈሩ ላይ ግን እርሳሱ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ክሬም ወይም ወርቃማ ፓስቴል ይቀባል፤ በላዩ ጥቁር ቡናማ ይደረባል። ከዚያ ጠንካራ እርሳስ ተሹሎ ከሥር ወደ ጫፍ ሲጎተት የላዩን ቡናማ እየፋቀ የሥሩን ወርቃማ ያሳያል፤ አንድ ጭረት አንድ ፀጉር ይሆናል። ቅድም ያበሳጨው የማረሻ ጠባይ ነው እዚህ ሥራ የሚሠራው። በዚህ ሥራ ላይ የእርሳሱ ቀለም ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ የሚፈለገው ሹልነቱ ነው።

ለስላሳና ሰም የበዛበት እርሳስ ለዚህ አይሆንም፤ ጫፉ ቶሎ ይዶለዱማል። እሱ የሚያስፈልገው የታሸው ስስ ቀለም ላይ ጥላ ለማጥለቅ ነው። የትኛውም ይሁን፣ በየአራት አምስት ጭረቱ ጫፉን ጨርቅ ላይ መጥረግ ግዴታ ነው። በዓይኑ ብሌን ላይ የምትታየውን የብርሃን ነጥብ ደግሞ በነጭ እርሳስ ለማውጣት አለመድከም ይመረጣል፤ ጥቁር ቅባት ላይ ነጭ እርሳስ ግራጫ ብቻ ነው የሚሰጠው። ትንሽ ነጭ ፓስቴል በስቴኪኒ ጫፍ አንስቶ ጠብ ማድረግ ይቀላል።

ያለቀው ሥዕል አይደርቅምና አቧራ ይይዛል፣ ከሌላ ወረቀት ጋርም ይጣበቃል። ቅባት በማያሳልፍ ወረቀት ሸፍኖ ማስቀመጥ፣ ፍሬም ከተደረገም መስታወቱ ቀለሙን እንዳይነካ በመሐል ክፍተት መተው ያስፈልጋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አይተውም።

አዲስ ወረቀት ከመጀመርዎ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት መደብ ይቀቡ፤ አንዱን በወፍራሙ፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን በስሱ አሽተው። ከዚያ በአንድ እርሳስ ሦስቱንም የሚያቋርጥ አንድ መስመር ያስምሩ። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ከሥር የሚቀቡትን ፓስቴል ልክ ይነግርዎታል።