ከማሳ የተገኘ ሳንቲም ምን ይነግረናል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአክሱም አካባቢ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ስናስተምር፣ አንድ ተማሪ ከአባቱ ማሳ ያገኘውን ትንሽ አረንጓዴ ሳንቲም በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልን። ምስሉ እንዲታይ ብለን በሎሚና በአሸዋ እንዲያሸው መከርነው። በማግሥቱ ሳንቲሙ እያብረቀረቀ መጣ፤ በላዩ የነበረው ጽሕፈት ግን ጠፍቶ ነበር። ከማሳው ከየትኛው ክፍል እንዳገኘውም አልጠየቅነውም። ዛሬ መምህራንን በምናሠለጥንበት ተቋም ሆነን ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያን ስሕተት ሌላ መምህር እንዳይደግመው በማሰብ ነው።

የአክሱም ሳንቲም

የአክሱም ነገሥታት በስማቸው ገንዘብ ማሠራት የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። በሳንቲም ላይ ስሙ የሚታወቀው የመጀመሪያው ንጉሥ እንዱቢስ ሲሆን፣ ሥራው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ቀጥሏል። ሳንቲሞቹ ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ይሠሩ ነበር። በወርቁ ላይ በአብዛኛው የሚጻፈው ግሪክኛ ሲሆን፣ በብሩና በመዳቡ ላይ ግን ግዕዝ እየተለመደ ሄዷል። የንጉሥ ዔዛና የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች የጨረቃና የክብ ምልክት ነበረባቸው፤ ኋላ ግን በዚያው ቦታ መስቀል ገባ። ንጉሡ ክርስትናን መቀበሉን ከሚመሰክሩት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው የምልክት ለውጥ ነው።

በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ምስል ዙሪያ ወይም ከመስቀሉ መካከል ስስ ወርቅ ተለብጦ ይገኛል። በአሸዋ የሚታሽ ሳንቲም ይህን ወርቅም ያጣል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሳንቲም የሚናገረው በፊቱ ላይ ባለው ጽሕፈት ብቻ አይደለም፤ በተገኘበት ቦታም ጭምር ነው። በየመን ከዔደን በስተ ምዕራብ ከ300 በላይ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከብዙ የሮማ ሳንቲሞች ጋር በአንድነት ተቀብረው ተገኝተዋል። አንዱ ብቻውን በገበያ ላይ ቢሸጥ ኖሮ ጥቂት ግራም ወርቅ ነበር። በአንድነትና በቦታቸው በመገኘታቸው ግን የአክሱም ገንዘብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ከሮማ ገንዘብ ጎን መቀመጡን አሳወቁን።

የብረታ ብረት መፈለጊያው እንዴት ይሠራል?

በሌሎች አገሮች ብዙ ሰዎች ማሳ ለማሳ እየዞሩ አሮጌ ሳንቲም የሚፈልጉበት መሣሪያ አለ። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በደረሰበት ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። በመሣሪያው ጫፍ ባለው የሽቦ ጥቅልል ውስጥ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ፣ በዙሪያው ተለዋዋጭ ማግኔታዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ መሬት ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ትንንሽ ጅረቶች ያስነሣል፤ እነዚህም በበኩላቸው የራሳቸውን ደካማ መስክ ይፈጥራሉ። መሣሪያው ይህን መልስ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

መሣሪያው እንደሚሳሳትም ማወቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1881 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ለማግኘት ሞክሮ አልተሳካለትም። ከምክንያቶቹ አንዱ ፕሬዚዳንቱ የተኛበት አልጋ የብረት ሽቦዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ዛሬም ቢሆን መሣሪያው «እዚህ ብረት አለ» ይላል እንጂ የንጉሥ ሳንቲም ይሁን የጠርሙስ ክዳን በእርግጠኝነት አይናገርም። የብረት ማዕድን የበዛበት ቀይ አፈርም ያታልለዋል።

ያልተቸኮለው ፈላጊ

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1992 በእንግሊዝ አገር፣ በሰፈክ አውራጃ፣ ሆክስን በምትባል መንደር አንድ ሰው የገበሬ ወዳጁን የጠፋ መዶሻ በዚህ መሣሪያ ሊፈልግ ወጣ። ያገኘው ግን የሮማ ዘመን ወርቅና ብር ነበር። ብዙውን ሳይነካ ቁፋሮውን አቁሞ ለሚመለከታቸው አስታወቀ። የአርኬዎሎጂ ባለሙያዎች መጥተው ወደ 15,000 የሚጠጉ ሳንቲሞችንና ሌሎች ዕቃዎችን በሥርዓት አወጡ። ሀብቱ በእንጨት ሣጥን ተቀምጦ እንደ ነበርና ዕቃዎቹ በውስጡ እንዴት እንደ ተደረደሩ ለማወቅ የተቻለው ሰውየው በጊዜ እጁን ስለ ሰበሰበ ነው። መዶሻውም ተገኝቶ በብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል።

በእኛ አገር

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ሳይነካካ ጠብቆ እንዲያስታውቅ ያዛል።

ከሕጉ ሌላ የሕይወት ጉዳይም አለ። የተቀበረ ፈንጂ የሚፈለገው በዚሁ ዓይነት መሣሪያ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. እና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄዱት ጦርነቶች ሳይፈነዱ የቀሩ መሣሪያዎች ጉዳት አድርሰዋል። ስለዚህ መሬት ውስጥ የታየን ብረት ተማሪ በዱላም ሆነ በማረሻ መነካካት የለበትም።

ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚከተለውን እንዲነግሩ እናሳስባለን፦

1ኛ/ ማንነቱ ያልታወቀ ብረት ከታየ አትንኩ፤ በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ለአዋቂ ንገሩ።

2ኛ/ ሳንቲም ወይም ገል በማረስ ላይ ሳለ ከወጣ፣ የማሳውን ስም፣ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና አብሮት የታየውን ሁሉ ጻፉ።

3ኛ/ አትጠቡ፣ አትሹ፣ አትፋቁ።

4ኛ/ አትሽጡ፤ በወረዳችሁ ለባህልና ቱሪዝም ሥራ ኃላፊ ወይም ለአቅራቢያው ሙዚየም አሳውቁ።

በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

በሁለት ሣጥኖች ውስጥ ከታች ቀይ አፈር፣ ከመካከል አመድ፣ ከላይ አሸዋ አልብሱ። በየንብርብሩ ገል፣ ከሰል፣ አዝራርና ሳንቲም በእኩል ቅበሩ። አንደኛው ቡድን ዕቃዎቹን በፍጥነት ያውጣ። ሁለተኛው በሲባጎ አራት ማዕዘን ከፍሎ፣ በማስመሪያ እየለካ፣ ንብርብር በንብርብር እየጻፈ ያውጣ። ከዚያም ሁለቱንም «የትኛው ዕቃ ቀድሞ ተቀበረ? ከምን ጋር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ቡድኖች እኩል ዕቃ ይዘዋል፤ መልስ ያለው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው።

በአመዱ ውስጥ የተገኘው ሳንቲም 1969 የሚል ቢሆን፣ አመዱ ከ1969 ዓ.ም. በፊት ሊደፋ አይችልም፤ ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ሊደፋ ይችላል። የአርኬዎሎጂ ባለሙያዎችም በሳንቲም ዘመን የሚወስኑት ይህንኑ እያመዛዘኑ ነው።

ያ ተማሪያችን ያመጣልን ሳንቲም አሁንም በእጁ ይኖር ይሆናል። የማን ንጉሥ እንደ ነበር ግን እርሱም እኛም ከእንግዲህ አናውቅም። ሌላ ተማሪ ነገ በወረቀት የጠቀለለውን ይዞ ሲመጣ መምህሩ በመጀመሪያ «ከየት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቀው።