ስለ ጃፓን ኡዶንና ስለ ቦረና ስንዴ

የጃፓን ስም በነጋዴዎቻችን ዘንድ ቀድሞ ይበልጥ የታወቀው በጨርቅ ነበር። ኢትዮጵያ ከጃፓን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረመችው በ1923 ዓ.ም. ነው፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደዚያ አገር ተጉዘው ያዩትን በመጽሐፍ ጻፉ። ስለ ምግባቸው ግን የሚነገረው ጥቂት ስለ ሆነ፣ ኡዶን ስለሚባለው ለአንባብያን ጥቂት እንገልጻለን።

ኡዶን ከስንዴ ዱቄት፣ ከውሃና ከጨው ብቻ የሚሠራ፣ ከተለመደው ፓስታ እጅግ የሚወፍር ምግብ ነው። ሊጡ ጠጣር በመሆኑ የእጅ ጉልበት ስለማይበቃው ጠቅልለው በእግራቸው ይረግጡታል። ካሳረፉት በኋላ ዳምጠውና አጥፈው በቢላዋ ይቆርጡታል፤ በፈላ ውሃም ይቀቅሉታል። በብርድ ጊዜ ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ በተዘጋጀ ትኩስ መረቅ ይበሉታል፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ቀዝቅዞ በቀርከሃ ሰፌድ ይቀርብና በመረቁ እየነከሩ ይመገቡታል። በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ይዘው ድምፅ እያሰሙ ይስቡታል። በእኛ ማዕድ እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ይቆነጠጣል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ነውር የለበትም።

የኡዶን ምስጋናው ልስላሴው ነው፤ ልስላሴውም የሚገኘው ከስንዴው ዓይነት ነው። ለፓስታ የሚመረጠው ጠንካራው ዱረም ስንዴ ሲሆን፣ ለኡዶን የሚስማማው ለስለስ ያለው የዳቦ ስንዴ ወገን ነው። በኡዶን ስሟ የገነነው ካጋዋ፣ በቀድሞ ስሟ ሳኑኪ፣ ዛሬ የምትጠቀምበት ዱቄት አብዛኛው ከአውስትራሊያ ስንዴ የሚፈጭ ነው። የምዕራብ አውስትራሊያ ገበሬዎች የጃፓንን ወፍጮ ቤቶች ፍላጎት ተከትለው፣ ተስማሚውን ዘር ለይተው ይዘራሉ፣ ለይተው ያከማቻሉ፣ ለይተውም ይሸጣሉ። ካጋዋም በበኩልዋ «ሳኑኪ ኖ ዩሜ»፣ ማለትም «የሳኑኪ ሕልም»፣ የተባለ የራስዋን ዘር አውጥታለች።

ኢትዮጵያም በዱረም ስንዴ ዘር ብዛት በዓለም የታወቀች ናት፤ በቦረናና በለጋምቦ ደጋም ስንዴ ይዘራል። ነገር ግን ወደ መካነ ሰላም ገበያ ሲወርድ ጠንካራውና የዳቦው ብዙ ጊዜ በአንድ ጆንያ ተቀላቅለው ይመጣሉ። እኔ የምሠራበት ንግድ ቤት አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ጭነት ወደ ደሴ ልኮ ነበር። ገዢው ሁሉንም በዝቅተኛው ዋጋ ቆረጠው፤ ምክንያቱን ጠይቄ ብጽፍ የመጣልኝ መልስ «የተደባለቀ ነው» የሚል ብቻ ሆነ። የመኪናው ኪራይ ሲቀነስ ትርፍ የሚባል አልተገኘም፤ በዚያው መኪና መልስ ጭነት የመጣልን ደግሞ ፓስታ ነበር!

ከዚያ ወዲህ ከየጆንያው ጥቂት ፍሬ እያወጣን በምላጭ እንሰነጥቃለን፤ ውስጡ እንደ መስተዋት የሚያበራው ወደ አንዱ ክፍል፣ እንደ ዱቄት የነጣው ወደ ሌላው ይገባል። ከነጣው ጥቂት አስፈጭቼ በቤቴ ኡዶን ሠርተን በምስር መረቅ በላነው። ጨው አብዝቼበት ነበር፤ ልጆቹ ግን ድምፅ እያሰሙ ጨረሱት።