የብሩክሴል ቢራና የዱር እርሾው



ጣፋጩን የብቅል ውሃ ወደ ቢራነት የሚለውጠው በዓይን የማይታየው እርሾ መሆኑ የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን የተባለው ሊቅ በዴንማርክ አገር በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ አንዱን የእርሾ ዘር ከሌላው ለይቶ ለማርባት በቃ። ከዚያ ወዲህ የብዙ አገር ጠማቂዎች በንጹሕ እርሾ ብቻ መሥራት ጀመሩ፤ ከአየር የሚገባው የዱር እርሾም እንደ ጠላት ተቆጠረ።

በቤልጅግ አገር ግን የብሩክሴልና ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ያለው የፓዮተንላንድ ጠማቂዎች የአባቶቻቸውን ሥርዐት አልለቀቁም። ላምቢክ የተባለውን ቢራ ሲሠሩ እርሾ አይጨምሩበትም። ከእህሉ ከመቶ 30 ወይም ከዚያ የሚበልጠው ያልበቀለ ስንዴ ነው። በእኛ ጌሾ ፋንታ ሆፕ የሚባለውን አበባ ይጨምሩበታል፤ ይህም ምሬቱ እንዲቀንስ አስቀድሞ እንዲከርም የተደረገ ነው። የፈላውን ውሃ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ገንዳ ገልጠው ያሳድሩታል። ሌሊት ሲበርድ በአየሩና በቤቱ ውስጥ የሚኖረው እርሾ ይገባበታል፤ በማግስቱም ወደ እንጨት በርሜል ይገለበጣል፤ በዚያም ከዓመት ዓመት በእንጨቱ ውስጥ የቆየው እርሾ ይቀበለዋል። በሙቀት ወራት ጎጂ ተሕዋስያን ስለሚበዙ ሥራው የሚከናወነው በቀዝቃዛው ወቅት ብቻ ነው።

በበርሜሉ ውስጥ ሥራው በየተራ ነው። ተራው እርሾ በቀላሉ የሚገኘውን ስኳር ይጨርሳል፤ ቀጥሎ ሌሎች ተሕዋስያን ያኮመጥጡታል። ከብዙ ወራት በኋላ ደግሞ ብሬታኖሚሴስ የተባለው ዝግተኛ እርሾ ሌላው የተወውን ስኳር እየበላ ለቢራው ልዩ መዓዛ ይሰጠዋል። አንድ፥ ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየው ላምቢክ ሲደባለቅና በጠርሙስ ሲታሸግ ጌዝ የተባለው የሚፈላ ቢራ ይሆናል።

የሚያስገርመው ይህ ነው። የዚህን እርሾ ጥቅም ያስረዳው፥ ንጹሕ እርሾን ባስተማረው በዚያው በካርልስበርግ ይሠራ የነበረው ክላውሰን ነው። በ1904 ዓ.ም. የከረመው የእንግሊዝ ቢራ ጣዕም ከእርሱ የሚመጣ መሆኑን ገልጦ፥ «የብሪታንያ ፈንገስ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም አወጣለት። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ ኩፈራትና ቫን ላር ከላምቢክ ያገኙትን ዘር በብሩክሴል ስም ሰየሙት። ይኸው እርሾ በወይን ጠጅ ውስጥ ሲገባ የጋጣ ሽታ ስለሚያመጣ የወይን ጠማቂዎች አጥብቀው ይሸሹታል፤ የኦርቫል ገዳም ቢራ ጠማቂዎች ግን ቢራው በጠርሙስ ሲታሸግ ሆን ብለው ይጨምሩታል፤ ስለዚህ የአዲሱና የከረመው ጠርሙስ ጣዕም አንድ አይደለም።

ይህ ጥበብ ግን በቀላሉ የሚጠፋ ነው። ጣራው ቢታደስ፥ አሮጌው በርሜል ቢጣል፥ ወይም የክረምቱ ሌሊት ሳይበርድ ቢቀር፥ በዘመናት የተከማቸው እርሾ በገንዘብ አይመለስም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ የላምቢክ ቤቶች ተዘግተዋል፤ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው።

ንጽሕናን የሚያስተምረው ሳይንስ የሚመሰገን ነው፤ እነሆ ብዙ መጠጥ ከብልሽት አድኗል። ነገር ግን፥ ክቡራን አንባቢያን፥ ጠላ ጠንሳሾቻችን ከጌሾውና ከጋኑ የሚያገኙትን እርሾ ስሙን ሳያውቁ እንደሚጠቀሙበት ሁሉ፥ የብሩክሴል ጠማቂዎችም ሊቃውንቱ ስም ከማውጣታቸው በፊት ጥቅሙን ያውቁ ነበር። ስለዚህ የቆየውን ልማድ ከመጣል አስቀድሞ ምን እንደሚሠራ መመርመር ይገባል።