የጡሩምባ ነፊ ጉልበት የት ነው?

«ጡሩምባ የሳንባ ሥራ ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ የነፋ ሰው ሳንባው ይተረተራል፣ የራሱም ሥር ይበጠሳል።» በስልክ እየተቀባበለ የሚሄደው የጤና ምክር ይህን ይላል። ሰሞኑን ደግሞ ጭማሪ አግኝቷል፦ የጎጃም አየር ስስ ስለሆነ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ላለ ሰው አደጋው እጥፍ ነው አሉ። ምክሩን ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ትራምፔቱን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ማጽዳት የጀመረ አባት ግን ልጆቹ «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜ ይቅርብህ» ብለው መልሰው እንዲያስቀምጠው ለማድረግ በቂ ሆኗል። እኔ የማስተምረው የሰውነት አሠራር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ ማሳለፍ አልችልም።

ምክሩን ያመነ ሰው እስቲ ከከተማ ወጣ ብሎ ያዳምጥ። በገጠሩ ሰው ሲሞት ለእድርተኛው የሚለፈፈው በጡሩምባ ነው። ነፊው ሁልጊዜ ጎረምሳ አይደለም፤ ጎህ ሳይቀድ በብርድ ተነሥቶ፣ ኮረብታ ወጥቶ፣ ድምፁን ከሸለቆው ማዶ የሚያሰማ ሸምገል ያለ ሰውም አለ። የእሱ ሳንባ ይተረተራል ብሎ የሠጋ ሰው አላጋጠመኝም።

(አንድ ነገር ላስተካክል፦ የእድሩንም፣ የመኪናውንም፣ ባለ ሦስት ፒስተኑንም የሙዚቃ መሣሪያ «ጡሩምባ» እንላለን። ከዚህ በኋላ ባለ ፒስተኑን ለይቼ ትራምፔት እለዋለሁ።)

ትራምፔት የሚያውቅ አዛውንት በየከተማው መገኘቱ የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ማርሽ ባንድ ሆኑ። ከእነሱ በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ የየራሳቸውን የሙዚቃ ክፍል አቋቋሙ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ወጣቶችም ኖታ ማንበብንና ናስ መንፋትን የተማሩት እዚያ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከወታደሩ ጋር ሙዚቀኛውም ወደየመጣበት ተመለሰ። ያኔ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ዛሬ 60ን ተሻግሯል። ወሬው የሚያስፈራራው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

የአየሩን ነገር በቶሎ ልጨርሰው። ፍኖተ ሰላም 1,900፣ ቡሬ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ትራምፔት የሚፈልገው ግን በአፍ ውስጥና በውጭ ባለው ግፊት መካከል ልዩነት እንዲኖር ብቻ ነው፤ ያንን ልዩነት የሚፈጥረው ነፊው ራሱ ነው። የድምፅ ፍጥነትም የሚለዋወጠው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም። የቡሬ ንጋት ብርድ ግን መሣሪያውን ዝቅ ያደርገዋል፦ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ከግማሽ ቶን አንድ ሦስተኛ ያህል ይወርዳል። ጥቂት ደቂቃ ትንፋሽ ሲገባበት ይስተካከላል። ለዚህ ሐኪም አያስፈልግም።

ወደ ሳንባው እንምጣ። እርግጥ ነው፣ ያረጃል። ከ20ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየዓመቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር አቅም ይቀንሳል። በ25 ዓመቱ 4.5 ሊትር ያስወጣ የነበረ ሰው በ65 ዓመቱ ወደ 3.5 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው ሌላውን ግማሽ ሂሳብ አልሠራም። በመጠነኛ ድምፅ የሚነፋ ትራምፔት በሰከንድ ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር አየር ይበቃዋል፤ ባለ 3 ሊትር ትንፋሽ በአማካይ 15 ሰከንድ ያህል ያስነፋል። አብዛኛው የዜማ ሐረግ ከዚያ ያጥራል። ኖታው ከፍ ሲል ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል እንጂ የሚወጣው አየር እንዲያውም ያንሳል።

ግፊቱስ? መጠነኛ ኖታ አፍ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት፣ የደም ግፊት በሚለካበት መለኪያ፣ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ከፍ ያለና የጮኸ ኖታ ከ100 ያልፋል። ኃይለኛ ሳልም ከ100 ያልፋል። ሳንባው የማይተረተረው ስለጠነከረ አይደለም። የደረትና የሆድ ጡንቻዎች ከውጭ እየጨመቁት ስለሆነ የውስጡም የውጩም ግፊት አብሮ ይወጣል፤ በሳንባው ግድግዳ ላይ የሚቀረው ልዩነት ጥቂት ነው።

ጌታቸው መኩሪያን የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ላይ ይቀድመኛል። በ1935 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው የሳክስፎን ሊቅ፣ ፉከራና ሽለላን ወደዚሁ መሣሪያ ያመጣው ሰው፣ በ70 ዓመቱ አካባቢ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር ተጣምሮ «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም በ2006 (እ.ኤ.አ.) አወጣ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮችም እየዞረ ነፋ። ድምፁ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ነበር። ሳንባው እንግዲህ የ70 ዓመት ሰው ሳንባ ነው።

ነገር ግን ሳክስፎን ለትራምፔት ሙሉ ምስክር አይሆንም፤ የማይሆንበት ምክንያት ነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ። ሳክስፎን ላይ የሚርገበገበው ከሸምበቆ የተቀረጸ ስስ ልሳን ነው፤ ሲያረጅ ከሱቅ አዲስ ይገዛል። ዋሽንት ላይ የሚወዛወዘው የቀዳዳውን ጠርዝ የመታው አየር ራሱ ነው። ትራምፔት፣ የእድሩ ጡሩምባና የጥንቱ መለከት ላይ ግን የሚርገበገበው የነፊው የገዛ ከንፈር ነው። ምትክ አይገዛለትም።

የሚሆነውን እንከተል። ነፊው ከንፈሩን ገጥሞ የማውዝፒሱ ክብ ላይ ያሳርፋል፤ የክቡ የውስጥ ስፋት 16 ወይም 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጨዋታው ሁሉ እዚያ ውስጥ ያልቃል። ከኋላ የመጣው ትንፋሽ ከንፈሩን ይከፍታል፤ ጥቂት አየር ሾልኮ ያልፋል፤ ከንፈሩ በውጥረቱ ተመልሶ ይዘጋል። እያንዳንዱ መከፈት አንድ የግፊት ምት ወደ ቱቦው ይልካል። የተለመደው ሲ ቤሞል ትራምፔት ተዘርግቶ ቢለካ 1.48 ሜትር ያህል ነው። ምቱ ሄዶ ሰፊው አፍ ላይ ሲደርስ ሁሉም አይወጣም፤ ከፊሉ ተመልሶ ወደ ከንፈሩ ይመጣል። የደርሶ መልስ ጉዞው ከ8 እስከ 9 ሺህኛ ሰከንድ ይፈጃል። የተመለሰው ምት ከንፈሩ ሊከፈት ሲል ከደረሰ ያግዘዋል፤ ሊዘጋ ሲል ከደረሰ ይታገለዋል።

ስለዚህ ቱቦው የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። በአንድ ደርሶ መልስ ውስጥ ከንፈሩ 2 ጊዜ ከተከፈተ በሰከንድ 233 ጊዜ ማለት ነው፤ ፒስተን ሳይጫን የሚወጣው ዝቅተኛው የተለመደ ኖታ ይኸው ነው። 3 ጊዜ ከሆነ 349፣ 4 ጊዜ ከሆነ 466፣ 8 ጊዜ ከሆነ 932። ሁለት ተኩል የሚባል የለም። ፒስተኖቹ ሥራቸው ተጨማሪ ቱቦ መክፈት ነው፤ ደርሶ መልሱን ያስረዝማሉ፤ ከዚያ በላይ አላቆምባቸውም። ፒስተን የሌለው የእድር ጡሩምባ ዜማ የማይጫወተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነፊው ከታች ያሉትን አንድ ሁለት ቁጥሮች ይዞ ይጠራባቸዋል፤ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚፈጠር ይታይ። ከ2 ወደ 3 ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ ከንፈሩ ግማሽ ያህል መፍጠን አለበት፤ ቢሳሳትም ቱቦው ጎትቶ ያስተካክለዋል። ከ8 ወደ 9 ግን ልዩነቱ አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ከንፈሩ በትንሹ ከላላ 7ኛው፣ በትንሹ ከከረረ 9ኛው ይይዘዋል። ከዚህ የባሰው አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ምት ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ከንፈሩ ከቱቦው ምንም እርዳታ አያገኝም። ዝቅተኛው ኖታ ላይ 2 ጊዜ በጭፍን ተከፍቶ እርዳታው ይደርስለታል። 932 ላይ ግን ቱቦው «ልክ ነህ» ሳይለው 8 ጊዜ ያህል በራሱ ልክ መርገብገብ አለበት። የከፍተኛ ኖታ መነሻ ላይ የሚሰማው ያ የታወቀ መሰንጠቅ ከዚህ ይመጣል። ሳንባ የሚባል ነገር በዚህ ሁሉ ውስጥ ገባ? ገፋ እንጂ አልመረጠም።

መራጩ ከንፈሩን የከበበው ኦርቢኩላሪስ ኦሪስ የተባለው ጡንቻ ነው። የዕድሜም የመቋረጥም ዕዳ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል ይባላል፤ ከንፈርም ይሳሳል። በዚያ ላይ የፊት ጡንቻዎች አንድ እንግዳ ባሕርይ አላቸው። እጅና እግራችን ውስጥ ጡንቻው ምን ያህል እንደተለጠጠ ለአንጎል የሚነግሩ ጥቃቅን ጠቋሚዎች አሉ፤ ፊት ላይ እነዚህ የሉም ማለት ይቻላል። ነፊው ከንፈሩ የት እንዳለ የሚያውቀው በቆዳው ስሜትና በጆሮው ነው።

ከ30 ዓመት በኋላ የተመለሰ ሰው ከጀማሪ ይልቅ የሚበሳጨው ለዚህ ነው። ጀማሪው ምን እንደጎደለው አያውቅም። ተመላሹ ግን ጣቱ ፒስተኑን፣ ጆሮው ኖታውን፣ አንጎሉ ትእዛዙን አልረሳም፤ 8 ብሎ ያዛል፣ የደከመው ከንፈር 7 ይሰጠዋል። ያን ጊዜ መሣሪያውን ወደ ፊቱ ይጫናል። ክቡ የከንፈሩን ደም ይዘጋል፤ ደም ያጣ ጡንቻ ቶሎ ይዝላል፤ የዛለው ደግሞ ይበልጥ ያስጭናል። በማግስቱ ከንፈሩ አብጦ ይነሣና «እርጅና ነው» ይባላል። በጋውን ተፈትቶ የከረመ በሬ በመጀመሪያው ቀን ጥማድ ሙሉ እረስ አይባልም፤ ጥቂት ትልም አርሶ ይፈታል። ለከንፈርም አምስት ወይም አሥር ደቂቃ፣ ዝቅ ያለና ለስላሳ ኖታ፣ የነፉትን ያህል ማረፍ፣ ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ማቆም። ሳምንታት ያልፋሉ፤ ከንፈሩ ይመለሳል። አሜሪካዊው ትራምፔት ተጫዋች ዶክ ቺተም በ1997 (እ.ኤ.አ.) በ91 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ በገዛ ከንፈሩ መድረክ ላይ ይነፋ ነበር።

ለምን ይመለሳል የሚለው ላይ ቃሌን መመጠን አለብኝ፤ የእኔው ሙያ ሰዎች ገና የሚጨቃጨቁበት ነው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የኖርዌይ ተመራማሪዎች በአይጥ ባደረጉት ጥናት፣ ጡንቻ ሲዳብር ያገኛቸው ተጨማሪ ኒውክለሶች ጡንቻው ሲኮስስም አብረው እንዳልጠፉ አሳዩ፤ የሰለጠነ ጡንቻ ቶሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው ተባለ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ሆኖም አይጥ ሰው አይደለም፤ የተመረመረው የእግር ጡንቻ ነው፤ ጊዜውም ወራት እንጂ አሥርተ ዓመታት አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችም እርስ በርስ አይስማሙም። ስለ አንጎል ትውስታ የሚባለው የበለጠ የጸና ነው፦ በልምምድ የተገኘ የእንቅስቃሴ ችሎታ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ዳግም ለመማርም ከመጀመሪያው ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። «ትራምፔት ሳንባ ያጠነክራል»፣ «የመርሳት በሽታን ያስቀራል» የሚሉት የተቃራኒው ጎራ ወሬዎች ግን ከመጀመሪያው ወሬ ብዙም አይሻሉም። የነፊዎች ሳንባ ሲለካ ውጤቱ ድብልቅልቅ ነው። ሙዚቃ የሚጫወቱ አዛውንቶች አእምሮ ንቁ መሆኑን ያሳዩ ጥናቶችም አብዛኞቹ ሰዎችን ባሉበት የተመለከቱ ናቸው፤ ሙዚቃው አእምሮውን ጠበቀ ወይስ አእምሮው የቀና ሰው ሙዚቃውን ቀጠለ የሚለውን አይለዩም።

ሐኪም የሚጠየቅበት ጉዳይ አለ፤ ወሬው ደግሞ የዘለለው ይህንኑ ነው። ከፍ ያለ ኖታ በኃይል ሲነፋ የዓይን ውስጥ ግፊት ለጊዜው ይጨምራል፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለረጅም ዓመታት እንዲህ በነፉ ሰዎች ላይ መጠነኛ የዕይታ ስፋት መቀነስ አግኝቷል። ግላኮማ ያለበት ሰው ሳይመረመር አይጀምር። በመድኃኒት ያልተስተካከለ የደም ግፊትና ቡአ ያለበትም እንዲሁ። ትንፋሽ ታፍኖ ሲገፋ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ለአፍታ ስለሚቀንስ ራስ ሊያዞር ይችላል፤ ተመላሹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቀምጦ ይንፋ። ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ቱቦ ውስጥ ሻጋታ ይኖራል፤ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ሳይታጠብ አፍ አይነካውም።

ከሁሉ ይልቅ የምሠጋው ለጥርስ ነው። የማውዝፒሱ ክብ በከንፈሩ በኩል የሚደገፈው የፊት ጥርሶች ላይ ነው፤ አንዱ ሲወልቅ ወይም ሲዘም ከንፈሩ ለዓመታት የለመደው መደገፊያ ይለወጣል፤ የጸና ጡንቻ እንኳ አዲሱን ቦታ ከመጀመሪያው መማር አለበት። አሜሪካዊው ትራምፔት ተጫዋች ቼት ቤከር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፊት ጥርሱን ካጣ በኋላ በሰው ሠራሽ ጥርስ ተመልሶ ለመጫወት ዓመታት ፈጅቶበታል። ለዚህ ብለው በሙያው የሚኖሩ ናስ ነፊዎች ጥርሳቸው ደህና ሳለ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደው ቅርጹን በጄሶ ያስቀርጻሉ፤ ኋላ አንዱ ቢነቀል ምትኩ በዚያው ልክ ይሠራል። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆኖ ትራምፔቱን ለማውጣት የሚያስብ ሰው፣ ባሕር ዳር ለሌላ ጉዳይ በወረደ ቀን ይህን አብሮ ቢያስጨርስ ጥሩ ነው።