አንብበን እንክፈል

የቅዳሜ ገበያ ሲበተን ወዴት እንሄዳለን? እህላችንን ሸጠናል። ጨውና ሳሙና ገዝተናል። ፀሐዩ በርትቷል፤ ሆዳችንም ጠይቋል። ያን ጊዜ ጓደኛ ለጓደኛ «ና እስቲ፣ አንድ ነገር እንቅመስ» ይባባላል። ከገበያው ዳር ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ይገባል። እጅ ይታጠባል። አንድ ትሪ ይቀርባል። ጨዋታው ይደራል።

ይህ መልካም ልማድ ነው። ከወዳጅ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ የሳምንቱን ድካም ያስረሳል።

ዱሮ ግን ምግብ ገዝቶ መብላት ነውር ነበር። መንገደኛ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከሰው ቤት ያድራል እንጂ ከፍሎ አይበላም። በአጤ ምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ሲከፍቱ ሰው አፍሮ አልገባም አለ ይባላል። ታዲያ ንጉሡ መኳንንቱን አስከትለው ገቡ። በሉ፤ ከፈሉም። ከዚያ በኋላ ሌላውም ደፈረ ተብሎ ይተረካል። ሆቴሉም በእቴጌይቱ ስም ተጠርቷል።

ዛሬ ከፍሎ መብላት አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የከፈሉትን ሳያውቁ መጣላት ነው። በእኔ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሦስት ሆነን ከገበያ ወደ ምግብ ቤት ገባን። አንዱ አበልጄ ነው፤ የልጄ ክርስትና አባት። ሌላው አዛውንቱ ጎረቤታችን ናቸው። ሁለት ጥብስና አንድ ሽሮ አዘዝን። ሻይም ጠጣን። ስንጫወት ቆይተን ሂሳብ ጠየቅን። አስተናጋጇ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ አመጣች። ከሦስታችን ማንበብ የሚችል አልነበረም። እሷ ለአበልጄ በቃል ነገረችው፤ እሱም ሁሉንም ከፈለ። ከዚያም «በነፍስ ወከፍ 80 ብር ነው» አለን።

እኔ በቃሌ መደመር አልቸገርም። እህል ስሸጥ ነው የኖርኩት። የጥብሱን፣ የሽሮውንና የሻዩን ዋጋ ስንገባ ጠይቄ ነበር። ደመርኩት። 210 ሆነ። ለሦስት ሲካፈል 70 ነው። «አበልጄ፣ 10 ብር በላህብኝ!» አልኩት። በሰው ፊት ነው ያልኩት። እሱ ምንም አልመለሰም። ነጠላውን አንስቶ ወጣ።

ወረቀቷን ግን አልጣልኳትም። «ለሽማግሌ አሳያታለሁ» ብዬ ቤቴ ወስጄ ከሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳት።

ሁለት ዓመት ተኳረፍን። አበልጄ ከደቦዬ ቀረ። እኔም ከእሱ ደቦ ቀረሁ። ልጄ ለፋሲካ የክርስትና አባቱን ጉልበት ሳይስም ዋለ። ለ10 ብር!

በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ፊደል ቆጠርኩ። ቁጥርም መጻፍ ለመድኩ። አንድ ማታ ሣጥኑን ስከፍት ያቺን ወረቀት አገኘኋት። ኩራዝ አስጠግቼ ቀስ እያልኩ አነበብኳት። እንዲህ ትላለች፦

ጥብስ 2 በ80 — 160
ሽሮ 1 በ35 — 35
ሻይ 3 በ5 — 15
ጭማሪ እንጀራ 3 በ10 — 30
ድምር 240

ጭማሪ እንጀራ! ወዲያው ትዝ አለኝ። «እህቴ፣ እንጀራ ጨምሪ» እያልኩ የጮህኩት እኔው ነበርኩ። ሦስት ጊዜ! ጭማሪው እንደሚከፈልበት አላወቅኩም። 240 ለሦስት ሲካፈል 80 ነው። አበልጄ አንዲት ሳንቲም አልነካብኝም።

በማግሥቱ አዛውንቱን ጎረቤቴን ይዤ ሄድኩ። ወረቀቷንም ያዝኩ። በሩ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። አበልጄ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ «ብሩን ተወው። ሁለቱን ዓመት ግን ማን ይመልስልኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጉልበቱን ልይዝ ስል አነሳኝ።

ወዳጆቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት ስገባ የማደርገውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከማዘዜ በፊት ግድግዳውን አያለሁ። የምግቡ ስምና ዋጋ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይለጠፋል። «የጾም» እና «የፍስክ» የሚሉትን ቃላት እለያለሁ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በዚህ ይጠቀማል። ክትፎ ሲታዘዝ «ጥሬ»፣ «ለብለብ» ወይስ «የበሰለ» ተብሎ ይጠየቃል። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊይዝ ይችላል። በደንብ የበሰለው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ያልተጻፈውን እጠይቃለሁ። «ጭማሪ እንጀራ ይከፈልበታል ወይ?» እላለሁ። ይህን ብጠይቅ ኖሮ ከአበልጄ ጋር አልጣላም ነበር።

ሦስተኛ፣ ሂሳቡን መስመር በመስመር አነባለሁ። በትልልቅ ምግብ ቤቶች «ተጨማሪ እሴት ታክስ» የሚል መስመር ይኖራል። ይህ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የመንግሥት ግብር ነው። ከመቶው 15 ነው። የ200 ብር ምግብ ከበላን ግብሩ 30 ብር ይሆናል፤ ጠቅላላው 230 ብር ነው። ዋጋው ላይ ግብሩ ተደምሮ እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው።

አራተኛ፣ ስሕተት ካገኘሁ አልጮህም። «እህቴ፣ ይቺን መስመር አስረጅኝ» እላለሁ። ሂሳቡ ጎድሎ ከመጣም እናገራለሁ። ጉድለቱ ከአስተናጋጇ ደመወዝ ሊቆረጥ ይችላልና።

አምስተኛ፣ ከመካከላችን ማንበብ የማይችል ካለ ሂሳቡን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ማንም እንዳያፍር፣ ማንም እንዳይጠረጥር።

ባለፈው ቅዳሜ ከአበልጄ ጋር ያንኑ ምግብ ቤት ገባን። ልጄም አብሮን ነበር። አበልጄ አጎረሰው። እኔንም አጎረሰኝ። ሂሳቡ ሲመጣ ወረቀቱን ተሻማን። አበልጄም ዘንድሮ ትምህርት ጀምሯል። «ዛሬ አንባቢው እኔ ነኝ» አለና ጣቱን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈ።

ተወያዩበት
1. በሂሳብ ምክንያት ከወዳጃችሁ ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት ታረቃችሁ?
2. አራት ሰዎች ሽሮ በሉ። የአንዱ ሽሮ ዋጋ 35 ብር ነው። ሁለት ጭማሪ እንጀራ በ10 ብር ሂሳብ ወሰዱ። ድምሩ ስንት ነው? እያንዳንዳቸው ስንት ይከፍላሉ?