የአረጋውያን እንክብካቤ የበዓል ቀን ተግባር ብቻ አይደለም

አንድ ኅብረተሰብ የደረሰበትን ደረጃ ለመመዘን የሚያስችሉ መለኪያዎች ብዙ ናቸው። የመንገዱ ርዝመት፣ የትምህርት ቤቱ ብዛት፣ የእርሻው ምርት ከእነዚሁ መካከል ይቆጠራሉ። ከሁሉም ይልቅ የማይዋሸው መለኪያ ግን ያ ኅብረተሰብ በጉልበታቸው ላቆሙትና ዛሬ ጉልበት ለከዳቸው ወገኖቹ የሚሰጠው ቦታ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ይህንኑ መለኪያ ይዘን በየበዓሉ ለአረጋውያን የሚቀርበውን ማዕድና ማዕዱ ከተነሣ በኋላ የሚቀጥለውን ኑሮ አንድ ባንድ ለመመርመር እንሞክራለን።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ በስተደቡብ የምትገኘው ቶንጎ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ማኦው፣ ኮሞው፣ በርታው፣ ኦሮሞውና ከሌላም አካባቢ የመጣው ወገን ጎረቤት ሆኖ ይኖርባታል። አብዛኛው የወረዳው ነዋሪ የእስልምና እምነት ተከታይ በመሆኑ ከዓመቱ በዓላት ጎልተው የሚታዩት ኢድ አል ፈጥርና አረፋ ናቸው። የክርስትና እምነት ተከታዮችም መስቀልን፣ ገናንና ፋሲካን ያከብራሉ። እነዚህ በዓላት በሥርዓታቸው ይለያዩ እንጂ በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም ጎረቤቱ እየተራበ ብቻውን የሚበላ ሰው በዓሉን አክብሯል የማይባል መሆኑ ነው።

ይህ ባዶ ቃል አይደለም፤ በሥርዓት የተደነገገና በሥፍር የተወሰነ ነው። የረመዳን ፆም ሲፈታ አቅም ያለው አባወራ ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል ሁለት ኪሎ ተኩል ወይም ሦስት ኪሎ ያህል እህል አስልቶ፣ የኢድ ሶላት ከመሰገዱ አስቀድሞ ለችግረኛ ያስረክባል። ከሶላት በፊት መሆኑ ያለምክንያት አይደለም፤ በዚያች ቀን ማንም ለልመና እጁን እንዳይዘረጋ ነው። በአረፋም የእርዱ ሥጋ እንደ ልማዱ በሦስት ተከፍሎ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለድሃ ይሆናል። በክርስቲያኑም ዘንድ ቢሆን ጸበል ጸዲቅ ሲቀመስ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ይጠራል። እንግዲህ በበዓል አረጋውያንን ማሰብ ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት ሳይሆን የሠፈሩ የቆየ ሕግ መሆኑን በቅድሚያ መገንዘብ ያሻል።

ይሁን እንጂ የዚህን መልካም ልማድ ወሰን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። የእርዱ ሥጋ ቋንጣ ካልሆነ በቀር ከሦስት ቀን አያልፍም። የተሰፈረው እህልም ቢበዛ ሳምንትን ቢሻገር ነው። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ሲጥልና ቅርጫ ሲካፈል፣ መዋጮ የሌላት አሮጊት መደብ አይደርሳትም፤ ቢደርሳትም በይሉኝታ የተላከ ቁራጭ ነው። በበዓሉ ማግሥት ድስቱ ይታጠባል፣ እንግዳው ይበተናል፣ አረጋዊውም ወደ ባዶ ጎጆው ይመለሳል። ዓመቱ ግን ገና አላለቀም። ውኃ የሚቀዳለት፣ እንጨት የሚሰብርለት፣ ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው ሰው በቀሪዎቹ ወራት ሁሉ ያስፈልገዋል።

እነዚህ አረጋውያን እነማን ናቸው? የጡረታ ሕጋችን ለረጅም ዘመን ሲሸፍን የኖረው የመንግሥት ሠራተኛውን ነበር፤ የግል ድርጅት ሠራተኛው የታቀፈውም በ2003 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው። ዕድሜ ልኩን ማሽላና በቆሎ ያመረተው ገበሬ፣ እንጨት ተሸክማ ልጆች ያሳደገች እናት፣ በገበያ ቀን ቡና ስታፈላ የኖረች ባልቴት ከነዚህ መዝገቦች በአንዱም ስማቸው የለም። አገርን መመገባቸው እርግጥ ቢሆንም ደመወዝተኛ ስላልነበሩ ጡረተኛም ሊሆኑ አልቻሉም።

በአሶሳ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅና በረሃብ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ብዙ ሺህ ቤተሰቦች በሰፈራ ወደዚህ ምድር መምጣታቸው ይታወሳል። ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። የተወለደበት ቀዬ ሩቅ ነው፤ የሥጋ ዘመዱም በብዙ ቀን መንገድ ተለይቶታል። ለዚህ ሰው ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባል ተረት ሳይሆን የኑሮው መሠረት ነው። የነባሩ ነዋሪ ዕጣም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልጆቹ ወርቅ ፍለጋ፣ ትምህርት ፍለጋ፣ ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ። በቶንጎ አቅራቢያም በሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ሳቢያ በ2004 ዓ.ም. የስደተኞች መጠለያ ተከፍቶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. በደረሰው የጸጥታ መደፍረስ ስደተኞቹ ቦታውን ለቀው ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረዋል። አንድ አረጋዊ በሸመገለበት ዕድሜው ሁለት ጊዜ ከቤቱ ሲፈናቀል ምን እንደሚደርስበት የድንበር አካባቢ ሕዝብ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ሕግ በበኩሉ ዝም አላለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል እንኳ በዕድሜ የደከመውን ባለይዞታ ከክልከላው ነፃ አድርጎት እንደነበር እናስታውሳለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ያለሥራ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ ነበረው፤ በ2009 ዓ.ም. የከተማው ሴፍቲኔት ሲጀመርም አሶሳ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1983 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት መስከረም 21 ቀን በዓለም የአረጋውያን ቀን ሆኖ ይከበራል። የአፍሪካ ኅብረትም የአረጋውያንን መብት የሚመለከተውን ፕሮቶኮል በጥር ወር 2008 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አጽድቋል።

«አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። የመንግሥት እጅ ከበጀቱ አይረዝምም፤ የበጎ አድራጊው ስጦታም ከበዓሉ ቀን አያልፍም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። ያንን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው፣ ያለማንም ቀስቃሽ የተቋቋመው፣ በየደጃፋችን ያለው የሠፈር ማኅበር ነው። እርሱም እድር ነው።

እድር በወሎ ገጠር ቅሬ ይባላል። ስሙ ይለያይ እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። መዋጮ ይሰበስባል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሰሃን አለው። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ መቃብር ይቆፈራል፣ ኀዘንተኛው አይራብም። ሃይማኖትና ብሔር ሳይለይ ጎረቤትን በጎረቤትነቱ ብቻ አቅፎ የሚይዝበትም ሠፈር ብዙ ነው። በሕዝባችን ዘንድ ከዚህ የተሻለ የታመነ ድርጅት ማግኘት ያዳግታል።

ይሁንና በዚህ በታመነው ድርጅት ውስጥ አንድ ሊታረም የሚገባው ተቃርኖ ይታያል። አርባ ዓመት ሙሉ ሳያጓድል የከፈለ አባል አርጅቶ ሥራ ሲፈታ መዋጮው ይቋረጣል። መዋጮው ሲቋረጥ ቅጣት ይደራረባል፤ ከጊዜ በኋላም ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል። ስሙ ባይፋቅ እንኳ እድሩ ወደ ቤቱ የሚመጣው የሞተ ዕለት ነው። በሕይወት ሳለ ጎጆው ሲያፈስ ያላየው ድንኳን በሞተ ጊዜ በደጃፉ ይተከላል። ቁራሽ ያላገኘው ሰው ለቀብሩ ድስት ይጣድለታል። እንግዲህ ለሞቱ የተዘጋጀነውን ሰው ለእርጅናው አለመዘጋጀታችን ሊያሳፍረን ይገባል።

ይህን ተቃርኖ መፍታት እንደሚቻል ከሌላው ልምድ እንማራለን። በአዲስ አበባ የኤች አይ ቪ ኤድስ ወረርሽኝ ብዙ ወጣት በቀጠፈበት ዘመን እድሮች የቀብር ወጪ ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ከመቅበር አስቀድሞ ማስታመም፣ ወላጅ አልባውን ማሳደግ፣ ልጅ የቀበረችውን አሮጊት መጦር እንደሚገባ ተገንዝበው መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ፤ ለልማት ሥራም በጋራ ተደራጁ። ደንብ በሰው የተጻፈ እንደመሆኑ በሰው ሊሻሻል መቻሉን ይህ በተግባር ያሳያል።

በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ከጎዳና የተነሡ ወገኖች በሚጦሩበት በዚህ ማዕከል ብዙ ሰው ሠርጉን፣ የልደት ቀኑን፣ የዓውደ ዓመቱን ማዕድ ከአረጋውያን ጋር ሊካፈል ይመጣል። የበዓሉ ደስታ ማዕከሉን ለሕዝብ አስተዋውቋል። ማዕከሉን ያቆመው ግን ከበዓሉ በኋላ ባለው ተራ ሰኞና ማክሰኞ ገላ የሚያጥበው፣ ቁስል የሚጠርገው፣ ምግብ የሚያጎርሰው ሰው ነው። በዓል በሩን ይከፍታል፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው ሰውን የሚያኖረው።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ጉድለት አለ። አንዳንዴ በዓል በመጣ ቁጥር አረጋውያን በሰልፍ ይደረደራሉ፤ ዘይትና ዱቄት እየተሰጣቸው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። የሰጪው ስም በጉልህ ይጠራል፤ የተቀባዩ ፊት ያለፈቃዱ ለአደባባይ ይወጣል። ይህ ዓይነቱ ስጦታ ሆድን ቢሞላም ክብርን ያጎድላል። በአገራችን ባህል ሽማግሌ ተመራቂ ሳይሆን መራቂ ነው። ማዕድ የሚባረከው በእርሱ ቃል ነው፤ ጠብ የሚበርደው በእርሱ ሸንጎ ነው። ስለዚህ የበዓሉ ድግስ አረጋዊውን ተመጽዋች ሳይሆን የቤቱ አባት፣ የቤቱ እናት አድርጎ ከራስጌ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ከዚህ በመነሣት ቶንጎንና ቶንጎን ለመሰሉ ከተሞች ሠፈሮች የምናቀርባቸው ሐሳቦች በእጅ ባለ አቅም ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው። አንደኛ፣ የየሠፈሩ እድር ወይም ጀማዓ በአካባቢው ያሉትን አረጋውያን ቤት ለቤት ይመዝግብ፤ ብቻውን የሚኖረው ማን ነው፣ ዓይኑ የደከመው ማን ነው፣ ውኃ የሚቀዳለት ያጣው ማን ነው የሚለው በጽሑፍ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ለረጅም ዓመታት የከፈለና በዕድሜ የደከመ አባል ከመዋጮ ነፃ ይሁን፤ ይህም ምጽዋት ሳይሆን ቀድሞ በከፈለው የገዛው መብት መሆኑ በደንቡ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከወር መዋጮው ጠቅላላ ጉባኤው የሚወስነው ጥቂት ድርሻ በተለየ ሣጥን ይቀመጥ፤ የመድኃኒቱና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ ክፍያ ከዚያ ይሸፈን። አራተኛ፣ በዚህ አካባቢ ዝናቡ ብርቱ፣ ቤቱም የቀርከሃና የሣር በመሆኑ ክረምቱ ሳይገባ ወጣቱ በደቦ ወጥቶ የአረጋውያኑን ጣሪያ ይክደን። አምስተኛ፣ በበዓል ቀን የእድሩ ድንኳንና ድስት ከመጋዘን ይውጣ፤ መምጣት ለሚችሉት በአንድነት ይደገስ፣ ከአልጋ ለማይነሡት ደግሞ ማዕዱ እቤታቸው ይድረስ። የለቅሶ ዕቃ ብቻ የነበረው የደስታም ዕቃ ይሁን።

አንዳንዶች «የቀብሩ ገንዘብ ለኑሮ ከዋለ ሟች በምን ይቀበራል?» ብለው ሊሰጉ ይችላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። የተለየ ሣጥን ያስፈለገውም ለዚሁ ነው፤ የቀብሩ ገንዘብ ሳይነካ ትንሽ ተጨምሮ ለሕያዋን ይቀመጣል። ከላይ ከዘረዘርነው መካከልም አብዛኛው የሚጠይቀው ጉልበትና ሰዓት ነው። ሌሎች ደግሞ «አረጋዊን መጦር የልጆቹ ግዴታ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ልጅ ያለውና ልጁ በአቅራቢያው ያለ አረጋዊ በልጁ ይጦር። ነገር ግን ልጁን የቀበረው፣ ልጁ የራቀበት፣ ከነጭራሹም ያልወለደው የማን ነው? የእርሱ ልጅ ሠፈሩ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን ወላጆቻችን አስተምረውናል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ስለ አረጋውያን ስንናገር ስለ ሌሎች ሰዎች የምንናገር ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ስለ ራሳችን ነው። ዛሬ በደቦ ጣሪያ የሚከድነው ወጣት ከአርባ ዓመት በኋላ ጣሪያው የሚከደንለት ሰው ነው። ዛሬ የሚጻፈውም ደንብ ነገ የሚዳኘን እኛኑ ነው። ስለሆነም በሚመጣው በዓል ድንኳኑ ሲተከል፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ማዕዱ ሲነሣ፣ የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ መዝገባቸውን ዘርግተው «በሚቀጥለው ሰኞ ለእማማ ውኃ የሚቀዳው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ስሙን ጠርቶ «እኔ አለሁ» የሚል ሰው የተገኘ እንደሆነ በዓሉ በእርግጥ ተከብሯል ለማለት ይቻላል።