ስለ አውሮፓ የእጅ መሣሪያዎች፤ ስሙን አንብቦ ሥራውን ስለ መመርመር

መዶሻና መጋዝ፥ መሮና ፒንሳ የማያስፈልጉበት ቤት የለም። የበሩ ማጠፊያ ሲላላ፥ የልጆች ወንበር እግሩ ሲነቃነቅ፥ የጣራው ቆርቆሮ ምስማሩ ሲነቀል፥ አባወራውም ሆነ እመቤቲቱ አስቀድመው የሚፈልጉት እነዚህን ነው። ነገር ግን መሣሪያ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ ይገባዋል። መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት መሮዎች ይቀርቡለታል፤ የአንዱ ዋጋ የሌላው ሦስት እጥፍ ነው። ሻጩም ውድ የሆነውን አንሥቶ «ይህ የጀርመን ሥራ ነው» ይለዋል። ገዢው በስሙ አምኖ ይከፍላል፤ ወይም ዋጋውን ፈርቶ ርካሹን ይዞ ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ መሣሪያውን አልመረመረም።

ስለዚህ እነዚህ የታወቁ የአገር ስሞች ክብራቸውን ከምን እንዳገኙ፥ ደግሞም ምን ያህል ሊታመኑ እንደሚገባ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በቢላዋና በመሣሪያ ሥራ ከሁሉ የታወቀችው ከተማ ሸፊልድ ናት። ወንዞቿ የመሳያውን ድንጋይ መንኰራኵር ያዞሩላት ነበር። በ1624 የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በሕግ ተቋቋመ፤ የእያንዳንዱንም ሠሪ ምልክት ይመዘግብ ነበር። በ1740 ገደማ ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ፥ ለሰዓት የሚሆን የጠነከረ ሞላ ቢያጣ፥ ዓረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ የማቅለጥን ዘዴ አገኘ። ከዚያ በፊት አንዱ ብረት በአንድ ወገኑ ጠንካራ፥ በሌላው ወገኑ ለስላሳ ይሆን ነበር፤ ከቀለጠ በኋላ ግን ባሕርዩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆነ። የሸፊልድ መሮና መጋዝ በዓለም የተወደደው ከዚህ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ የሸፊልድ ሠሪዎች ለምርጡ ሥራቸው የሚያቀልጡት ብረት ከስዊድን በመርከብ የሚመጣ ነበር። የስዊድን የዳኔሞራ ማዕድን ፎስፎር የሚባለው ነገር እጅግ ጥቂት ስላለበት የተመረጠ ነው፤ ፎስፎር የበዛበት ብረት በብርድ ጊዜ ይሰበራልና። እንግዲህ «የሸፊልድ» የተባለው መሮ ጥበቡ የእንግሊዝ፥ ብረቱ ግን የስዊድን ነበር ማለት ነው። ስዊድኖችም ብረታቸውን ለሌላ በመሸጥ ብቻ አልቀሩም፤ ኤስኪልስቱና የምትባለው ከተማቸው በመሮና በቢላዋ ታወቀች። አፉ የሚሰፋና የሚጠብ የብሎን መፍቻም በኤንሸፒንግ ከተማ ይሠራ በነበረው በዮሐን ፔተር ዮሐንሶን እጅ ተሻሽሎ በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ይህን መፍቻ ጣልያኖች «የእንግሊዝ ቁልፍ»፥ ዴንማርኮች ግን «የስዊድን ቁልፍ» ይሉታል። በእኛም አገር ካቻቢቴና ፒንሳ የጣልያን ስም ይዘው ቀርተዋል፤ በእጃችን ያለው ግን በየትኛውም አገር የተሠራ ሊሆን ይችላል። የመሣሪያ ስም የትውልዱ ምስክር እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

የጀርመን ነገር ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። በቩፐር ወንዝ አካባቢ ዞሊንገን በቢላዋና በመቀስ፥ ጎረቤቷ ሬምሻይድ በሞረድና በልዩ ልዩ መሣሪያ የቆየ ጥበብ አላቸው። ሆኖም በ19ኛው መቶ ዓመት ከጀርመን ወደ ውጭ ይላክ ከነበረው ዕቃ ብዙው የተናቀ ነበር። በ1876 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ በተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የጀርመን ዳኛ የነበረው ፍራንዝ ሮይሎ፥ የገዛ አገሩ ዕቃ ርካሽና መጥፎ መሆኑን ሳይሸሽግ ጻፈ። አንዳንድ ነጋዴዎችም በጀርመን በተሠራ ቢላዋ ላይ የሸፊልድን ስም በሐሰት ያትሙ ነበር። የሸፊልድ ሰዎች አቤቱታ ስላበዙ፥ በ1887 የእንግሊዝ ፓርላማ እንዲህ ያለውን ማታለል የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ከውጭ የሚገባውም ዕቃ «በጀርመን የተሠራ» እየተባለ ይታተምበት ጀመር። ይህ ጽሕፈት ገዢውን ለማስጠንቀቅ የታሰበ ነበር። ጀርመኖች ግን ወቀሳውን ሰምተው ሥራቸውን ስላሻሻሉ፥ የነቀፋው ምልክት ከጥቂት ጊዜ በኋላ የክብር ምልክት ሆነ። በ1938 ደግሞ የዞሊንገን ስም በዚያ ላልተሠራ ቢላዋና መቀስ እንዳይታተም በአገራቸው ሕግ ተጠበቀ። ስም የሚከበረው ሥራው ሲከበር ነው፤ ከተከበረ በኋላም የሚሰርቀው አይጠፋም።

እንግዲህ ገዢ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ጽሕፈቱን በደንብ ያንብብ። «በጀርመን የተሠራ» ማለትና የጀርመን ድርጅት ስም ብቻ መያዝ አንድ አይደለም፤ በዛሬው ዘመን ብዙ የአውሮፓ ድርጅቶች በሌላ አገር ያሠራሉ። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለውም ቃል የብረቱን ቅልቅል እንጂ የአሠራሩን ጥራት አይናገርም። ጥሩ ዓረብ ብረት እንኳ በእሳት ግሎ ወደ ውሃ ወይም ወደ ዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ ቀጥሎ በመጠን ካልተሞቀ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ከመጠን በላይ ከሞቀም ይለሰልሳል። ጥራት ያለው በዚህ መካከል ነው።

ቀጥሎ በእጁ ይመርምር። የመዶሻው እጀታ የእንጨቱ ጅማት ከጫፍ እስከ ጫፍ በርዝመቱ የሄደ ይሁን፤ ራሱም ሲነቀነቅ አይወዛወዝ፤ ተወርውሮ ሰው ይጎዳልና። መጋዙን በቀስታ አጉብጦ ሲለቀው ቀጥ ብሎ ይመለስ። ጥርሱ ብቻ የጠቈረ መጋዝ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ በሞረድ እንደማይሳል ይወቅ። ፒንሳውን ዘግቶ ወደ ብርሃን ሲያየው መቍረጫው እኩል ይግጠም። ሻጩ ቢፈቅድ በመሮው ጠርዝ ላይ ሞረድ ያሳርፍ፤ ሞረዱ ቢንሸራተት ጠንክሯል፥ በቀላሉ ቢነክሰው ግን ለስላሳ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ለቤተ ሰብ ደኅንነት እናሳስባለን። የፒንሳ እጀታ በላስቲክ ስለተሸፈነ ብቻ ኤሌክትሪክ አይከለክልም፤ ለዚህ ሥራ ተፈትኖ የ1000 ቮልት ምልክት የታተመበት መሣሪያ አለ። እርሱም ቢሆን መስመሩን አጥፍቶ መሥራትን አያስቀርም። ሁለት መዶሻዎችንም ፊት ለፊት ማጋጨት አይገባም፤ ስባሪው ዓይን ያጠፋል።

መሮው ሲሳል ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ እንዳይግል፥ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ይነከር፤ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል። ከሥራ በኋላም ተጠርጎ ጥቂት ዘይት ይቀባ። እንዲህ ተመርምሮ የተገዛና የተጠበቀ መሮ፥ በሸፊልድም በኤስኪልስቱናም ቢሠራ፥ ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል፤ ሳይመረመር በስሙ ብቻ የተገዛው ግን ባለቤቱን ሁለተኛ ወደ ሱቅ ይመልሰዋል።